ካታራክት፣ ሞራ እና ቄጠማ

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ባቡሩ፣ ፔንደልቶጉ ውስጥ ያሳየሽኝ የቃላት ደብተር ከዓይኔ አልጠፋም። በግራ ስዊድንኛ፣ በቀኝ አማርኛ፣ መሃል ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ቀጭን መስመር። ትጋትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን «ካታራክት፦ ፏፏቴ» የሚል አየሁና ከዚያ ወዲያ ያወራሽኝን አልሰማሁም። ፍሌሚንግስቤሪ ስንደርስ ሰዉ እየተጋፋ ወረደ፤ አንቺ ወደ ተማሪዎች ቤትሽ ሄድሽ፤ እኔ ቃሉን ይዤ ቤቴ ገባሁ። የአስተርጓሚነት ፈተና ልትወስጂ ስለሆነ፣ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ኖሬ የተማርኩትን በቁጥር አድርጌ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። አክስትሽ ነኝና አንዳንዱ ቢረዝምብሽ ታገሺኝ።

1. ቃልን ነጥለሽ አትያዢ፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተሽ ያዢ። እነዚህን ሁለት ተመልከቺ፦ «እማማ ካታራክት አለባቸው።» «ናይል ከካርቱም እስከ አስዋን ስድስት ካታራክት አለው።» ቃሉ አንድ ነው፤ ግሱን ግን እይው። የዓይኑ በሽታ በሰው ላይ ይኖራል፣ «አለበት» ይባላል። የውሃው ካታራክት የወንዙ ሀብት ነው፣ «አለው» ይባላል። አማርኛችን ሸክምን ከሀብት በአንዲት ፊደል፣ በ«በ» ይለያል። ስዊድንኛው ለሁለቱም አንድ ግስ ነው የሚጠቀመው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ያልለየውን አንቺ መለየት ይኖርብሻል ማለት ነው። ደብተርሽ ላይ ያለው ቀጭን መስመር ይህን ሊነግርሽ አይችልም።

2. ሕፃን ልጅ እንዲያስተረጉም አትፍቀጂ፤ ካየሽም ዝም አትበዪ። ይህን የምለው ለራሴ ጉዳይ ሐኪም ቤት ተራ እየጠበቅሁ ያየሁትን ስለማልረሳው ነው። በሥራ ላይ ስላልነበርኩ ላወራው እችላለሁ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ነበሩ፣ ጎጃሜ፣ ከጢስ ዓባይ አካባቢ፤ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አጠገባቸው አሥራ አንድ ዓመት የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ከሐኪሟ ክፍል ወጥተው ወንበር ላይ እንዳረፉ «ምን አለች?» አሉት። ልጁ ስልኩን አየና «አያቴ፣ ዓይንሽ ውስጥ ፏፏቴ አለ አለች» አላቸው። ልጁ አልዋሸም። ስልኩ ያንን ነው ያሳየው።

እሳቸው ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «እንግዲህ ለዚህ ነው ጢስ ጢስ የሚለኝ» አሉ።

ጢስ ዓባይን በክረምት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ውሃው አርባ አምስት ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርድ ከሥር የሚነሣው ርጭት እንደ ጭስ ሸለቆውን ይሞላዋል፤ ማዶ ያለው ዛፍ ግራጫ ይሆናል፣ ሰው ሲመጣ ጥላው እንጂ መልኩ አይለይም። እኚህ እናት ሰው የሚያዩት እንደዚያ ሆኖባቸው ነበር። ስለዚህ የልጁ ትርጉም በሳቸው ዘንድ ፍጹም እውነት ሆኖ አረፈ። ያስፈራኝም ይህ ነው፤ የተሳሳተ ትርጉም ትርጉም አልባ ሲሆን ሰው ይጠይቃል፣ ሰምና ወርቅ ሆኖ ሲገጥም ግን ማንም አይጠይቅም። ቀረብ ብዬ ራሴን አስተዋወቅሁና አባቱ ደውሎ አስተርጓሚ እንዲጠይቅ ለልጁ ነገርኩት። በስዊድን የአስተዳደር ሕግ 13ኛ አንቀጽ አንድ መሥሪያ ቤት ቋንቋውን የማይችል ሰው ሲያጋጥመው አስፈላጊ ከሆነ አስተርጓሚ መጠቀም እንዳለበት ይደነግጋል። ሽማግሌዎቻችን ይህን አያውቁም፤ ውለታ መለመን ይመስላቸዋል። ንገሪያቸው።

3. አንድ ቃል ሁለት ቦታ ለምን እንደቆመ ከሥሩ እወቂ። ይህን ያልኩሽ ለእውቀት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ታሪኩን ያወቀ ሰው ቃሉን ስለማይረሳው ነው። ግሪኮች «ካታራክቴስ» ሲሉ ወደ ታች እየተምዘገዘገ የሚወድቅ ማለታቸው ነው። ፏፏቴም፣ ከከተማ በር ላይ ቁልቁል የሚለቀቀው የብረት መዝጊያም፣ ውሃ የሚገደብበት በርም በዚህ ስም ተጠርተዋል። ወደ ዓይን የገባው ግን በሌላ መንገድ ነው። የዓረብ ሐኪሞች በሽታውን «ኑዙል አል ማእ» ይሉት ነበር፤ የውሃ መውረድ ማለት ነው። ከአንጎል ክፉ ፈሳሽ ወርዶ ከብሌኑ ኋላ እንደሚጋገር ያምኑ ነበርና። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን አፍሪካ ተነሥቶ ጣልያን፣ ሞንቴ ካሲኖ ገዳም የገባው ቆስጠንጢኖስ አፍሪካዊ የዓረብኛውን ሕክምና ወደ ላቲን ሲመልስ፣ ይህን የሚወርድ ውሃ «ካታራክታ» አለው።

እንግዲህ አስቢው። ይህ ቃል ወደ ዓይን ሕክምና የገባው በአስተርጓሚ እጅ ነው። ያውም ከአፍሪካ በተሰደደ አስተርጓሚ። እኔ ይህን ባወቅሁ ቀን ሥራዬን የበለጠ አከበርኩት።

እምነቱ ግን ስሕተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1705 ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል ብሪሶ የሞተ ወታደር ዓይን ከፍቶ ሲመለከት የወረደ ውሃ አላገኘም፤ የደፈረሰው የዓይኑ የራሱ ሌንስ ነበር። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በሕንድም በዓረብም በአውሮፓም ሐኪሞች የደፈረሰውን ነገር በመርፌ ወደ ታች ገፍተው ከብሌኑ ፊት ያርቁት ነበር። ዣክ ዳቪዬል የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በ1747 ሌንሱን አውጥቶ አሳየ። በ1949 ደግሞ ለንደን ውስጥ ሃሮልድ ሪድሊ በወጣው ፋንታ ሰው ሠራሽ ሌንስ ተከለ፤ በጦርነቱ ጊዜ የአብራሪዎች ዓይን ውስጥ የገባ የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይኑን ሳያስቆጣ እንደሚቀመጥ አስተውሎ ነበርና። የምንኖርበትም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። ሐኪሙ አገጭሽን አስደግፎ ቀጭን ብርሃን የሚያበራብሽን መሣሪያ የፈለሰፈው ስዊድናዊው አልቫር ጉልስትራንድ ነው፤ በ1911 ዓይን ብርሃንን እንዴት እንደሚሰብር ባጠናው ሥራ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ሌንሱ መደፍረሱ የሚታየው በዚያ ቀጭን ብርሃን ነው።

ፈሳሹ ተረት መሆኑ ከታወቀ ሦስት መቶ ዓመት አለፈው፤ ስሙ ግን አልተነሣም። ስም እንዲህ ነው፣ የሰጡት ሰዎች ሐሳብ ቢሞትም እሱ ይቀራል።

4. ያደግሽበትን መጽሐፍ እንደ መዝገበ ቃላት ተጠቀሚበት። አያትሽ ዳዊት ሲደግሙ ሰምተሻል። በግዕዙ ዳዊት 41ኛ መዝሙር ላይ «አስራብ» የሚል ቃል አለ፤ አማርኛው ፏፏቴ ይለዋል። የግሪኩ ዳዊት እዚያው ላይ ያለው ቃል ካታራክት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 7 ደግሞ የጥፋት ውሃ ሲመጣ ስለተከፈተው ነገር ግሪኩ ይህንኑ ቃል ይጠቀማል፤ የአማርኛው ተርጓሚ ግን እዚህ ፏፏቴ አላለም፣ «መስኮቶች» አለ። ግሪኩ በአንድ ቃል የሚለውን አማርኛው አንዴ ፏፏቴ፣ አንዴ መስኮት ይለዋል፤ ቃሉን የሚመርጠው ዓረፍተ ነገሩ ነው። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። (መስኮት የሚለውን ሳስብ ዓይን ትዝ ይለኛል፤ የደፈረሰ ሌንስ ማለት በጭስ የጠቆረ መስኮት አይደል?)

5. የራስሽን ቋንቋ እንደ ባዕድ ቋንቋ ፈትሺው። ካታራክት በአማርኛ «የዓይን ሞራ» ነው፤ ሐኪሞቻችን ሲጽፉ «የዓይን ሞራ ግርዶሽ» ይላሉ። ስዊድንኛውን በደንብ መርምረሽ አማርኛውን እንዳለ ትወስጂዋለሽ፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። አዲስ አበባ ላደገ ልጅ ሞራ በሽታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ገጠር ላደጉ ሽማግሌ ግን ሞራ በመጀመሪያ የከብት ሆድ ዕቃ ላይ የሚዘረጋው ስብ ነው፤ በዓል ሲታረድ ያዩት፣ ሞራ ገላጭ ዘርግቶ መጪውን ዘመን የሚያነብበት ነጭ መጋረጃ። ስለዚህ «ዓይንዎ ሞራ አለበት» ስትያቸው የሚታያቸው ከላይ የተጋገረ፣ ተገፎ የሚነሣ ስብ ነው። ሐኪሟ ቀጥላ «ሌንስዎን አውጥተን ሌላ እናስገባለን» ስትል ይደነግጣሉ። «ሞራውን ግፈፉልኝ እንጂ ዓይኔን ለምን ታወጡታላችሁ?» ብለው እምቢ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያን ጊዜ ከራስሽ ማብራሪያ መጨመር ያምርሻል። አትጨምሪ። እሳቸው ያሉትን እንዳለ፣ በ«እኔ» ተናገሪ፦ «ስቡን ግፈፉልኝ፣ ዓይኔን አታውጡ»። ሐኪሟ ራሷ ግራ ተጋብታ ትጠይቃለች፣ ሥዕል አውጥታ ታሳያለች፣ ችግሩ በባለቤቶቹ መካከል ይፈታል። አስተርጓሚ ፍርሃቱን ከዋጠው ሐኪሙ ፍርሃት መኖሩን አያውቅም።

ግርዶሽም እንደዚሁ ሁለት ቤት አለው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 2020፣ በእኛ ሰኔ 14 ቀን 2012፣ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ስትታይ የሰማነው ቃል ይኸው ነው። የፀሐይ ግርዶሽ በሰዓታት ያልፋል። የዓይን ግን ካልተነኩት አይገለጥም። «ግርዶሽ ነው፣ ያልፋል» ብለው ቀጠሮ የሚቀሩ አሉ፤ ቃሉ ያባበላቸው ናቸው።

6. ይህ ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነው። ስዊድኖች በየቀኑ ንግግራቸው ካታራክት አይሉም፤ «ግሮ ስታር» ይላሉ፣ ግራጫው ስታር። «ግረን ስታር»፣ አረንጓዴው ስታር፣ ደግሞ ግላኮማ ነው። በስም ወንድማማች ይመስላሉ፤ በጠባይ ግን አይገናኙም። ግራጫው ሌንሱን ያደፈርሳል፣ በቀዶ ሕክምና ሌንሱ ተለውጦ ብዙ ሰው መልሶ ያያል። አረንጓዴው የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፣ ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር ተያይዞ፤ የጠፋው እይታ አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ለመጠበቅ ነው፣ ሳይቋረጥ።

ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ አዛውንት ሳስተረጉም ሐኪሙ መጀመሪያ ላይ ቀለሙን ጠርቶ፣ በኋላ «ስታር» ብቻ እያለ ቀጠለ። እኔ የያዝኩት ቃል አንድ ነበር፤ «የዓይን ሞራ» አልኩ። አዛውንቱ ሞራ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ አገር ቤት እናታቸው ተሠርተውለት አይተዋል። ስለዚህ «እስኪበስል ልጠብቅ፣ ከዚያ ይሠሩኛል» ብለው ጠብታውን ተዉት። ከወራት በኋላ በሌላ ቀጠሮ ሲመጡ ነገሩ ተገለጠ። በቀኝ ዓይናቸው የጎኑን ነገር አያዩም ነበር፤ ሰው ከቀኝ ሲመጣባቸው ይደነግጣሉ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አሉኝ። ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሆነ አልነግርሽም፤ የገባሁት ቃል ኪዳን ከእኔ ጋር ይቀበራል። ጥፋቱን ግን እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም አንቺ ልትደግሚው አይገባም።

እንዲህ አድርጊ። ሐኪም «ስታር» ብቻ ካለ አቁሚው። ስለ ራስሽ በሦስተኛ ሰው ተናገሪ፦ «አስተርጓሚዋ ትጠይቃለች፤ ግራጫው ነው አረንጓዴው?» ይህን ለታካሚውም በአማርኛ ንገሪ፣ እሳቸው ሳይሰሙ ሁለታችሁ እንዳታወሩ። ግላኮማን «አረንጓዴ ሞራ» ብለሽ እንዳትተረጉሚ፤ ሞራ የሚለው ቃል ከገባ ቀለሙ አያድነውም። «ግላኮማ» በይ፤ ሐኪሙ ግፊት ካለ «የዓይን ግፊት» በይ። ለአስተርጓሚዎች የመንግሥት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ካማርኮሌጊየት፣ ለጤና አስተርጓሚዎች የተለየ ፈተና ያዘጋጀው በከንቱ አይደለም።

7. ስታር ሌላም ነገር ነው፤ ይህን ስታውቂ ደስ ይልሽ ይሆናል። ስዊድኖች በሐይቅና በረግረግ ዳር የሚበቅለውን፣ ሦስት ጠርዝ ያለው ግንድ ያለውን ሣር ስታር ይሉታል። ከእኛ ቄጠማ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ለእንቁጣጣሽ ጎዝጉዘን ቡና የምናፈላበት ቄጠማ ዘመድ፣ በስዊድንኛ የዓይን በሽታ ስም ይዞ ቆሟል! ነገር ግን ይህን ከካታራክት ጋር አታመሳስይው። ካታራክት አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣ ነው፣ ከፏፏቴው ወደ ዓይን የሚወስድ መንገድ አለው። የዓይኑ ስታርና የሣሩ ስታር ግን በመዝገበ ቃላት ለየብቻ የተመዘገቡ ሁለት ቃላት ናቸው፤ መልካቸው ገጠመ እንጂ ትርጉማቸው አንዱ ከሌላው አልተወለደም።

8. ፏፏቴውንም አትናቂው፤ ፈተና ላይ ላይመጣ ይችላል፣ ሕይወት ላይ ግን ይመጣል። የጂኦግራፊ መጻሕፍት የናይል ስድስት ካታራክቶች የሚሏቸው ከአስዋን እስከ ካርቱም ያሉት ናቸው፤ ጢስ ዓባይ ከስድስቱ አንዱ አይደለም። እነዚያ ከገደል የሚወድቁ አይደሉም፤ ውሃው በዓለት መካከል እየተሰነጣጠቀ የሚንደረደርባቸው፣ ጀልባ በቀላሉ የማያሳልፉ ቦታዎች ናቸው። ስዊድንኛው ለዚህ «ፎርስ» የሚል የራሱ ቃል አለው። «ፏፏቴ» ስትይ የኢትዮጵያዊ ጆሮ ገደልና ጩኸት ይሰማል፤ ቃሉ ራሱ ፏ ፏ ይላልና። ለአስዋኑ «ዓለታማ ፈጣን ውሃ» ብትዪ ይሻላል። «ቫተንፋል» ደግሞ ፏፏቴ ማለት ሆኖ ሳለ እዚህ አገር ሰው ሲሰማው መብራት ነው የሚያስበው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 የተቋቋመው የመንግሥት የኃይል ድርጅት ስም ነውና። ደብዳቤ ስትተረጉሚ «የፏፏቴ ሂሳብ» እንዳትጽፊ።

9. የሽማግሌዎቹን ቃል ሰብስቢ። ዳፍንት ማታ ማታ አለማየት ነው፤ ማዝ ትራኮማ ነው፤ «ዓይኔ ፈዘዘ»፣ «ጉም ጋረደኝ»፣ «ብርሃን ይበተንብኛል» ሁሉም የየራሱ በሽታ ፍንጭ ነው። «ጉም» ያሉትን «ሞራ» ብለሽ አታሻሽይ፤ ምርመራው የሐኪሙ ሥራ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶው 1.6 ሰው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ፣ 49.9 በመቶው፣ ያጡት እይታ በሞራ ምክንያት ነው። ሊመለስ የሚችል እይታ ማለት ነው። እዚህ የሚመጡት ወላጆቻችን ከዚያ ቁጥር ውስጥ የወጡ ናቸው፤ ብዙዎቹ «እርጅና ነው» ብለው ተቀብለውት ይመጣሉ።

እኚያን የጢስ ዓባይ እናት በኋላ አንድ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ፣ ፍሌሚንግስቤሪ ባቡር ጣቢያ አጠገብ። ሁለቱም ዓይናቸው ተሠርቶ ነበር። ሌንስ ሲያረጅ ቢጫ ስለሚሆን ሰማያዊውን ያስቀራል፤ ሲለወጥ ሰማያዊው ተመልሶ ይመጣል። እናቲቱ እጄን ይዘው ወደ ግራንቶርፕ ፎቆች አሳዩኝ። «ይኼ ቤት ሰማያዊ ነው እንዴ? አመድ ነበር እኮ የሚመስለኝ» አሉኝ። ስለ ፏፏቴው አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም።

10. የቤት ሥራ እሰጥሻለሁ። ከደብተርሽ ሦስተኛውን ገጽ ቀደሽ አትጣይው፣ ጠብቂው። ከሥሩ ግን ለካታራክት አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ በሁለቱ ሰው ይኑር፣ በአንዱ ወንዝ፣ በአንዱ ሰማይ፣ በአምስተኛው ስሕተት የሠራ አስተርጓሚ። እያንዳንዱን ጮክ ብለሽ አንብቢና «አለው» እና «አለበት» የቱ ላይ እንደወደቀ ከሥሩ አስምሪ። ለስታርም እንዲሁ ሦስት ጻፊ፣ አንዱ የሣሩ ይሁን። ሣሩን ሳታይ ግን አትጻፊው። ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ጣቢያው ላይ እጠብቅሻለሁ፤ ወደ ፍሌሚንግስቤሪ ቪከን ረግረግ በእግር እንወርዳለን፣ ከዚያ ቤቴ ገብተን ቡና እናፈላለን። መሬቱ ጭቃ ነው፤ ቦቲ ጫማሽን አድርገሽ ነይ።